ቅኝታችንና የኮንጋው ምት

(መግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ለዛሬው ትምህርት ጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን እጃችሁም ያስፈልገኛል። መኪና እየነዳ የሚያዳምጠን ካለ መሪውን እንዳይለቅ፤ እሱ በአፉ ይቁጠር። ሌላው ግን በእጁ የያዘውን ያስቀምጥ።

ከ1 እስከ 16 ሳትቸኩሉ፣ በእኩል ርቀት ቁጠሩ። 16 ላይ ስትደርሱ ሳታቋርጡ ወደ 1 ተመለሱ። ቆጠራው እጅና አፋችሁን ሲለምደው በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ ብቻ አጨብጭቡ።

(ጭብጨባ፤ አራት ዙር)

ሰማችሁት? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭብጨባዎች በየሦስት ቁጥሩ ስለሚመጡ ከቆጠራው ጋር የተጣሉ ይመስላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጥተው ያስታርቃሉ። ከዚያ እንደገና ይጣላሉ፤ እንደገና ይታረቃሉ። ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው ይኸው መጣላትና መታረቅ ነው። ኩባውያን ይህን ምት ክላቬ ይሉታል። ሁለት አጫጭር የጠንካራ እንጨት ዘንጎች እርስ በርስ እያጋጩ ይመቱታል፤ ዘንጎቹም ስማቸው ያው ክላቬ ነው። ሶን፣ ማምቦ፣ በኋላም ሳልሳ የሚባሉት የዳንስ ሙዚቃዎች በዚህች አምስት ምት ወይም በቅርብ ዘመዶቿ ላይ የቆሙ ናቸው። እንጨቱ ባይመታ እንኳ ተጫዋቾቹ ምቱን በልባቸው ይዘውታል፤ ፒያኖውም፣ ቤዙም፣ ኮንጋ የሚባለው ከበሮም የሚገባበትንና የሚወጣበትን የሚያውቀው በእሱ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ምት ከእኛ ቅኝት ጋር እንዴት እንደተገናኘና ከግንኙነቱ ምን እንደተወለደ ነው። የተወለደውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኢትዮ ጃዝ እንለዋለን። እኔ ግን አንድ ነገር አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ኢትዮ ጃዝ መጀመሪያ በዲስክ ሲቀረጽ የላቲን ዳንስ ሙዚቃ ነበር። ስናወድሰው ጃዝነቱን እንጠራለን፤ ኢትዮጵያዊነቱን እንጠራለን፤ የኩባንና የፖርቶ ሪኮን ውለታ ግን ዘለን እናልፋለን። ውለታውን ማወቁ ለታሪክ ፍትሕ ብቻ አይደለም። ሁለት ሙዚቃዎች ሳይበላሉ እንዴት አንድ ላይ እንደሚኖሩ የሚያሳየን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

(አጭር የኮንጋ ምት)

ዓመተ ምሕረቱን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ እጠራለሁ፤ ዲስኮቹን ብትፈልጉ የምታገኟቸው በዚያ ቁጥር ስለሆነ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙ አፍሪካውያን የከበሮ አመታታቸውን አልረሱም ነበር። ያ አመታት ከስፔናውያን ጊታርና ግጥም ጋር ሲገናኝ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል ሶን የሚባለው ዘፈን ተፈጠረ። ከሶንና ከሌሎች የኩባ ዳንሶች ማምቦ መጣ። ማምቦው አንዳንዱን ደናሽ ስላስቸገረው ኤንሪኬ ሆሪን የተባለው የኩባ ቫዮሊን ተጫዋችና አቀናባሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ምቱን ቀለል፣ ረጋ አድርጎ ቻቻቻን አወጣ። እግር እንዲከተለው ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በ1940ዎቹ እነ ማቺቶና ማሪዮ ባውዛ የኩባን ምት ከጃዝ ባንድ መለከቶች ጋር አገናኙት፤ በ1947 ዲዚ ጊሌስፒ ቻኖ ፖሶ የተባለውን ኩባዊ ኮንጋ መቺ ባንዱ ውስጥ አስገባው። በ1960ዎቹ ደግሞ ኒው ዮርክ ተወልደው ያደጉ የፖርቶ ሪኮ ልጆች በጎረቤታቸው ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሶል የሚባለውን ዘፈን ሰምተው ከማምቦ ጋር አዋሐዱትና ቡጋሉ አሉት። የጆ ኩባ ባንድ የሠራው «ባንግ ባንግ» የተሰኘው ቡጋሉ በ1966 ከተማውን ያስጨፍር ነበር።

ይህን ዓመት ያዙልኝ። 1966።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ የጅማ ልጅ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ስቱዲዮ ገብቷል።

(ሙዚቃ፤ ቫይብራፎን ከኮንጋ ጋር፤ ለጥቂት ጊዜ)

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አዲስ አበባን እንያት፤ ላቲኑ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አልነበረምና።

አዲስ አበባ፣ ለቡ የምትኖሩ አድማጮች ባቡር ጣቢያውን ታውቁታላችሁ። በ2016 በፈረንጆቹ፣ የዛሬው የጅቡቲ ባቡር መስመር የተመረቀው እዚያ ነው። የድሮው መስመር ግን በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ የቆመው በከተማዋ መሐል፣ ለገሀር ነበር። የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ከለገሀር ጋር የተያያዘ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መለከቱ፣ ፒያኖው፣ ግራማፎኑ፣ ሸክላው፣ የሙዚቃ መምህሩ ሳይቀር ከባሕር ማዶ የሚመጣው በአብዛኛው በዚያ ሐዲድ ነበርና። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በ1924 መጥተው የንጉሣዊው መንግሥት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ቆይተው ከሀለብ መጡና ለእኛ ሙዚቃ ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ ለማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ለምንለው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አቀናበሩ፤ አስተማሩም።

የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራዎች በዳንስ ምሽቶች ላይ ምን ይጫወቱ ነበር? የአገሩን ዘፈን በመለከት አቀናብረው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሩምባ፣ ቻቻቻ፣ ማምቦ፣ ቦሌሮ፣ ታንጎ ይከተላል። ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በወጣትነታቸው ቻቻቻ የደነሰ ከመካከላቸው አይጠፋም። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስተውሉ። በእነዚያ ምሽቶች ላቲኑ ተራውን ጠብቆ ይመጣል፤ የአገሩ ዘፈንም ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ ገና አልተጋቡም። ነርሲስ ናልባንዲያን በቅንብራቸው ወደ ጋብቻው ብዙ ርቀት ሄደዋል፤ ለዚህም የሚገባቸውን ክብር ገና አላገኙም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጅማው ልጅ። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ጅማ ተወለዱ። ኢንጂነር እንዲሆኑ ተብሎ ዌልስ ወደሚገኘው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ተላኩ፤ እዚያ ግን ልባቸው ወደ ሙዚቃው አዘነበለ። ለንደን ወርደው ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ። ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ለንደን ውስጥ በላቲን ሙዚቃ ስሙ የገነነው ኤድሙንዶ ሮስ፣ በትውልዱ የትሪኒዳድ ሰው፣ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ጋሽ ሙላቱ ከእሱ ጋር ተጫውተዋል። እንግዲህ ላቲኑን የቀመሱት ጃዝ ሊማሩ አሜሪካ ከመሄዳቸው በፊት ነው። ቀጥለው ቦስተን፣ በርክሊ ገቡ፤ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ተማሪ መሆናቸው ይነገራል። ያጠኑት ቫይብራፎንና የምት መሣሪያዎችን ነበር።

ቫይብራፎን ለማታውቁት፣ እንደ ፒያኖ ቁልፎች በተርታ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎች አሉት፤ ጫፋቸው በጨርቅ ወይም በክር በተጠቀለለ ዘንጎች ይመታል። ከሥራቸው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ የሚሽከረከሩ ክዳኖች ድምፁን እንዲርገበገብ ያደርጉታል። የጃዝ መሣሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቲምባሌ መቺው ቲቶ ፑዌንቴ ቫይብራፎንም ይመታ ነበር፤ ካል ቼደርም በላቲን ጃዝ ስሙን የተከለው በዚሁ መሣሪያ ነው። ጋሽ ሙላቱ ቫይብራፎናቸውን ይዘው ኒው ዮርክ ሲደርሱ የላቲኑ ቤት በዚህ ድምፅ የተሞላ ነበር።

ኒው ዮርክ ውስጥ አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች የሆኑበት ባንድ አቋቋሙና የኢትዮጵያ ኩዊንቴት አሉት። በ1966 ወርዚ በተባለው አሳታሚ በኩል ሁለት ዲስኮች አወጡ። የሁለቱም ስም «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው፤ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። ከዘፈኖቹ ርእሶች ጥቂቶቹን ልጥቀስላችሁ። «ፕሌይቦይ ቻቻ» አለ። «የፍቅረኞች ማምቦ» ማለት የሚሆን አለ። «ፓንተር» የሚባል ቡጋሉ አለ። ከእነዚህ ጎን «አልማዝ» አለ፤ «ቆንጂት» አለ፤ «ካራዩ» አለ፤ «መስከረም ሲጠባ» አለ። አንድ ዲስክ ላይ ቻቻና መስከረም!

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ነው። ይህ የጀግና ዜማ በዚያ ዲስክ ላይ የተዘፈነው በስፓኒሽ ነው። እስቲ በዓይነ ልቡናችሁ አስቡት፤ ሀገር ቤት ጋሻና ጦር ይዞ የሚዘለልበት ዜማ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በፖርቶ ሪኮ አንደበት፣ ኮንጋና ቦንጎ ከሥሩ እየነዱት። ይህን የመሰለ ሙከራ እንደ ቀልድ ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም። ዜማው ወኔውን እንደያዘ ነው፤ ኮንጋውም ኮንጋ ነው።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ)

ለምን ተሳካ? የትምህርታችን ዋናው ክፍል ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ ለቡ ውስጥ፣ ከሙዚቃ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ለወጣቶች ኪቦርድ አስተምራለሁ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ኪቦርዶች በጎናቸው የምት ዝርዝር አላቸው፤ ሩምባ፣ ቻቻ፣ ቦሳ ኖቫ፣ ሳልሳ፣ ሁሉም ተሞልቶ ይመጣል። ልጆቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። አንዱ ተማሪዬ ቻቻውን አስነሣና በቀኝ እጁ ትዝታ መጫወት ጀመረ። ያምራል። ምቱና ዜማው ተስማምተዋል። ከዚያ ግራ እጁን አስገባ፤ ከመጽሐፍ የተማራቸውን ሦስቱን ኮርዶች፣ የዶን፣ የፋንና የሶል ሰባተኛን፣ እያፈራረቀ ያዘ። ትዝታው እልም ብሎ ጠፋ። ልጁም ሰምቶታል፤ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን ምን እንዳጠፋው አልገባውም።

ያጠፋው ይህ ነው። የትዝታ ሙሉ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለውም፤ ሲ የለውም። አሁን የልጁን የግራ እጅ ተመልከቱ። የፋ ኮርድ ፋን ይዞ ይመጣል። የሶል ሰባተኛ ኮርድ ደግሞ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው፤ ትዝታ የሌሉትን ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ ይዞ ይገባል ማለት ነው። በፈረንጅ ዜማ ይህ ኮርድ ወደ ቤት የሚመልስ መንገድ ነው። በትዝታ ላይ ሲገባ ግን ቤቱን ያፈርሰዋል። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝትማ ይብሳል፤ የአንቺሆዬ ድምፆች እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ከተለመዱት ኮርዶች ጋር ጨርሶ አይገጥምም። ጋሽ ሙላቱ ይህን ችግር የአምስት ድምፅና የ12 ድምፅ ጉዳይ አድርገው ለብዙ ዓመታት ሲናገሩበት ኖረዋል። የእኛ ዜማ በአምስት ድምፅ ይኖራል፤ የፈረንጁ ስምምነት ከ12 ድምፆች ይቀዳል። ጥንቃቄ ከጎደለ 12ቱ አምስቱን ይውጧቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የላቲኑ ዳንስ ለቅኝታችን የተመቸው። የኩባን ዘፈን አካሄድ ብታዳምጡ፣ መጀመሪያ ዘፋኙ ታሪኩን ይዘፍናል፤ ከዚያ ሞንቱኖ የሚባለው ክፍል ይመጣል። በሞንቱኖ ውስጥ ኮርዶቹ አይራመዱም ማለት ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ኮርድ፣ አንድ አጭር የፒያኖ ሐረግ፣ አንድ የቤዝ ሐረግ፣ ያው ይመላለሳል። የሚራመደው ምቱ ነው። ዘፋኝና ተቀባይ ይቀባበላሉ፤ መለከቱ ይገባል፤ ኮንጋው ይሰብራል፤ ደናሹ ይሞቀዋል። እንግዲህ ኮርዱ ካልተራመደ ፋና ሲ የሚገቡበት በር ተዘጋ። ቅኝቱ አምስት ድምፁን ይዞ እንደፈለገ ይንሸራሸራል።

አሁን ደግሞ ወደ ሀገር ቤት ተመለሱና አዝማሪውን አስቡት። ማሲንቆው አንዲት ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ አዝማሪው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ከበሮው እየፈጠነ ይሄዳል፤ ትከሻው ይሠራል። ሞንቱኖ የሚሉትን ነገር ስም ሳናወጣለት ስንጫወተው ኖረናል! ጋሽ ሙላቱ ከላቲን ያገኙት ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም የነበረ አካሄድ ነው የተገናኘው። ላቲኑ ሥሩ አፍሪካ ስለሆነ ነው ይህ የሆነው የሚል ሰው ካለ አልቃወመውም።

በእርግጥ ሁሉም ነገር አልገጠመም። የእኛ ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ስድስቱ አንዴ ሁለት ሦስቶች፣ አንዴ ሦስት ሁለቶች ሆነው ይሰማሉ። ማምቦውና ቻቻው ደግሞ በአራት ይቆጠራሉ። በ1966 ዲስኮች ላይ በአብዛኛው ያሸነፈው የአራቱ ቆጠራ ነው፤ የአገር ቤቱ ዜማ በላቲኑ ቆጠራ ላይ ተሳፍሮ ሄደ ማለት ይሻላል። ለእኔ የእነዚያ ዲስኮች ድክመትም እዚያ ላይ ነው። ምቱ ገና ሙሉ በሙሉ የላቲን ነው፤ ጋብቻው በዜማ በኩል እንጂ በምት በኩል አልተፈጸመም። ኩባም ብትሆን በስድስት የሚቆጠር የአምልኮ ከበሮ ያላት ሀገር ናት፤ በሩ ክፍት ነበር።

(አጭር የከበሮ ምት፤ በችክችካ)

ያ በር የተከፈተው ቆይቶ ነው። ጋሽ ሙላቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቫይብራፎን፣ ኮንጋና ቦንጎ በእኛ ዘፈን ቅንብር ውስጥ ቦታ ማግኘት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከተማው በዚያ ጊዜ ሌላ ሙቀት ውስጥ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፍቶ ዘፋኙን ዓለማየሁ እሸቴንና ሌሎችንም ማሳተም ጀምሯል፤ የሆቴል ባንዶች በየምሽቱ ይጫወታሉ። ሰው ግን የሚፈልገው ዘፋኝ ነው። ዘፋኝ የሌለበት፣ ብረት የሚመታበት፣ ከበሮው የሀገር ከበሮ ያልሆነ ሙዚቃ ለብዙ ጆሮ እንግዳ ሆነ። ጋሽ ሙላቱ ግን ገፉበት።

በ1972 ኒው ዮርክ ተመልሰው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ዲስክ ቀረጹ። እዚህ ዲስክ ላይ ማምቦም ቻቻም የሚል ርእስ አታገኙም። «ደወል» አለ፤ «ሙናዬ» አለ፤ «ጭፈራ» አለ፤ «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ። ኮንጋው ግን አልሄደም። ቤዙ ከብዷል፤ የዘመኑ ፈንክ ገብቶበታል፤ ከሥር ግን የላቲኑ እጅ አሁንም ይሠራል። በሙሽራ ዜማው፣ በ«ኩሉን ማን ኳለሽ» ላይ አዳምጡት። ቅዳሜና እሑድ በለቡ ግቢዎች ድንኳን ተጥሎ ሙሽራ ስትሸኝ የምትሰሙት፣ እናቶች በእልልታ የሚያጅቡት ያ ዜማ፣ እዚያ ዲስክ ላይ ረጋ ብሎ፣ ጠቆር ብሎ፣ በኮንጋ ታጅቦ ይሄዳል። ዜማውን ለሚያውቅ ሰው አንድም ድምፅ አልተነካበትም። ከሥሩ ያለው መሬት ነው የተለወጠው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973 መገባደጃ፣ አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ጋሽ ሙላቱ ከእነርሱ ጋር ሠርተዋል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰውና ፎቶግራፉን የምንለጥፈው ይህን ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ኤሊንግተንን ስናነሣ ስማቸው ስለማይጠራው የኒው ዮርክ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ቅር ይለኛል። ያኔ የጅማን ልጅ አምነው፣ የማያውቁትን ቅኝት በጣታቸው ለምደው የተጫወቱት እነርሱ ናቸው።

የደርግ ዘመን የአዲስ አበባን ምሽት ዘጋ። ሰዓት እላፊው የዳንስ ምሽቱን ገደለው፤ አምሃ እሸቴም በ1975 ሀገር ለቆ ወጣ። የታሪክ ነገር ይገርማል፤ ኩባውያን ራሳቸው በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ከእኛ ጋር ተዋግተዋል፤ የወደቁትም በትግላችን ሐውልት ይታሰባሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትም ወደ ኩባ ሄደው «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ አደጉ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነው ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል ዛሬም ስፓኒሹን ያልረሱ፣ ሳልሳ ሲሰሙ እግራቸው የማይቆም አሉ። ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ላቲን ወደ ሙዚቃችን የገባው በእነዚህ ኩባውያን በኩል ይመስላቸዋል። አይደለም። ወታደሮቹ ከመምጣታቸው ከ11 ዓመት በፊት ምታቸው ዲስክ ላይ ከመስከረም ጋር ተዋውቋል፤ ከዚያም በፊት አባቶቻችን ቻቻቻውን ደንሰዋል።

ትልልቆቹ ባንዶች ሲበተኑ ኪቦርዱ ቦታቸውን ያዘ። በዚህ በኩል አንድ ኪሳራ አለ፤ በግልጽ ልናገረው። ኮንጋ የሚመታ ሰው ሲኖር ምቱ ይሰማል፣ ይመልሳል፤ ዘፋኙ ሲሞቀው ይሞቃል። ኪቦርዱ ላይ የተሞላው ሩምባ ግን ከዘፋኙ ጋር አይነጋገርም፤ እስኪያጠፉት ድረስ ያው ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው፣ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ምቱን በእጃችሁ ተማሩት ነው። ዝግጅቱን በጭብጨባ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ያ ቻቻ ላይ ትዝታ የጠፋበት ልጅ አሁን ግራ እጁን ቀይሯል። ሦስቱን ኮርዶች ትቶ ዶና ሶልን ብቻ በባዶው ይዟል፤ አንዳንዴ ላን ይጨምራል። ትዝታው ተመልሷል፤ ቻቻውም አልሄደም።

ደግነቱ ሰው የሚጫወተው ምት እየተመለሰ ነው። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዘፈኖች በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮን፣ በክላርኔት መልሶ ሲጫወት የዚያን ዘመን የዳንስ ምሽት ላቲን መዓዛ አብሮ ይመጣል፤ አንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞ አብሯቸው ተጫውቷል። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራም በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የእኛን ዘፈኖች በራሱ ቅንብር አቅርቧል፤ የነርሲስ ናልባንዲያንን ሥራዎች ከመደርደሪያ አውርዶ ነፍስ በመዝራትም ባለውለታችን ነው። ኮንጋ በኦርኬስትራው ቅንብሮች ውስጥ የማይታጣ መሣሪያ ነው።

ጋሽ ሙላቱ ራሳቸው ሥሩን አልረሱም። በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም»ን እንደገና ቀረጹት። በዚያው አልበም ላይ ሌላ ሥራም አለ፤ ርእሱ «ቡጋሉ» ይላል። ከ44 ዓመት በኋላ!

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁና ሙዚቃውን እናዳምጥ። «መስከረም ሲጠባ» በ1966 ዲስክም አለ፤ በ1972 ዲስክም አለ። ሁለቱን አከታትለን እናሰማችኋለን። በመጀመሪያው ላይ ዜማውን ተዉትና ከሥር ያለውን ኮንጋ ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ላይ ቤዙን ተከተሉ፤ ከኮንጋው ጋር እንዴት እንደተከፋፈሉ አስተውሉ። ኪቦርድ ወይም ክራር ያላችሁ ደግሞ ዜማውን በራሳችሁ ፈልጋችሁ አውጡትና የቱን ቅኝት እንደያዘ ጻፉልን። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዘን በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን፤ ርእሳችንም የኩባው የስድስት ቆጠራ ከበሮና የእኛ ችክችካ ይሆናል።

የመጀመሪያው፣ የ1966ቱ።

(ሙዚቃ)